የመልሱ ሰዓት

የትኬት ቢሮው ዘበኛ ከመሰላል በላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የሰማዩን መንገድ ግን ከአብራሪ በላይ ያውቃል፤ እሱን ብትጠይቁት። ካፖርቱ ሁለት ዘበኛ ያስገባል። ሰዓት በሁለቱም እጁ ያስራል፤ የቀኙ የሚቆጥረው የሩቅ አገር ሰዓት ነው። ተጓዥ ገና ስሙን ሳይናገር ዘበኛው የሚሄድበትን ይጠይቀውና ዱላውን መስኮቱ ላይ ወደተለጠፈው ካርታ ይቀስራል።

ዛሬ አንዲት ሴትዮ የሚሄዱበትን ከተማ ስም ጠሩለት።

"አሥር ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር! አሥራ ሦስት ሰዓት ከሩብ!" አለ፣ ራሱ የሚያበር ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

"የመልሱ ጉዞስ አባባ?"

ዱላው ወረደ። የቀኝ ሰዓቱን አየ።

"መልሱ ነፋስ ከፊት ስለሚገፋው ይረዝማል፣ እመቤቴ።"

"በስንት?"

"እንጃ። ልጄ እዚያ ከሄደች ሰባት ዓመት ሆናት፤ እስካሁን እዚህ አልደረሰችም።"