ቀይ አፈር ከስማዳ

ቀለም ቀቢው ካታሎጉን የሰጠኝ ማክሰኞ ዕለት ነው። ጥግ ጥጉ የታጠፈ፣ ስንት እጅ ያገላበጠው፣ የቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ነገር ነው። በየገጹ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ቀለሞች ተደርድረዋል። «ማድ ቤት ነጭ ወይ ክሬም ነው የሚያምርበት፤ ለማንኛውም አንቺ እዪው» ብሎኝ ወደ ሳሎኑ ሄደ። እዚህ ንፋስ መውጫ ቤት መሥራት ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው፤ የቀረን ማድ ቤቱን መቀባት ብቻ ነበር። ነጩን ልመርጥ ገጹን ስገልጥ ጣቴ አንዲት ቀይ ላይ ቆመ። ቀይ ስላችሁ የበርበሬውን አይደለም፤ የአፈር ቀይ ነው፣ ሲረጥብ የሚጠቁር፣ ፀሐይ ሲያየው የሚነጣ። ቀቢው ግድግዳው ላይ ውሃ ረጭቶ ስለነበር ክፍሉ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይሸታል። ካታሎጉን እንደያዝኩ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ቀይ የማውቀው ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ነው።

የእኛ ቤት እዚሁ ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ይርቃል። እናቴ በጭቃ ሙያዋ በሠፈሩ የታወቀች ነበረች። በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ የማድ ቤቱን ግድግዳ በጭድና በእበት በተቦካ ጭቃ ትመርገዋለች፤ እሱ ሲደርቅ ከወንዙ ማዶ የሚቆፈረውን ነጭ አፈር በወንፊት ነፍታ፣ እንደ አጥሚት አቅጥና ትለቀልቀዋለች። ጨርቅ አትጠቀምም፣ በእጇ ነው። ጣቶቿ ግድግዳው ላይ ቅስት ቅስት ይተዋሉ፤ ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ቅስቱ ሁሉ ተለይቶ ይታያል። እሷ ስትሞት፣ በእኛ ሠፈር ሐዘን ያለበት ቤት ስለማይለቀለቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳውን ማንም አልነካውም። ጭሱ ነጩን አጠየመው። እኔ ግን ግድ አልነበረኝም። ቢጠይምም የእሷ ነው።

ሙት ዓመቷ ከወጣ በኋላ፣ በጥር፣ አባቴ ከቆላው፣ ከስማዳ ሚስት አመጣ። አንድ አህያ ዕቃ ይዛ መጣች። ከዕቃዋ መሃል አፉ በገመድ የታሰረ ጆንያ ነበር። አክስቴ፣ የአባቴ እህት ናት፣ እህል መስሏት ፈታ ስታየው ቀይ አፈር ነው።

«ምነው ልጄ፣ ጋይንት አፈር የለም ብለውሽ ነው?» አለቻት።

«ከእናቴ ጉድጓድ የተቆፈረ ነው። ማድ ቤቴን ልለቀልቅበት ብዬ ነው» አለች።

አክስቴ እስኪበቃት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «ማድ ቤቴን» ያለችው ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው።

ክፉ ልጅ ነበርኩ አልልም፣ እልኸኛ ግን ነበርኩ። ስጠራት «ስሚ» እላለሁ፣ ስለ እሷ ሳወራ «እሷ» እላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ስም አልሰጠኋትም። ሁዳዴ ሲጋመስ ግድግዳውን ልሥራው ወይ ብላ አባቴን ጠየቀችው። እሱ እንዲህ ያለውን ነገር በሩቁ ነው የሚሸሸው። «ማድ ቤት የሴት ነው፤ ከልጅቱ ጋር ተነጋገሩ» ብሎ ሞፈሩን ይዞ ወጣ። ወደ እኔ ዞራ የቱን እንደምወድ ጠየቀችኝ። ነጭ አልኳት።

«ነጩን አላውቅበትም፣ አበላሽብሻለሁ» አለች። «ዘንድሮ በማውቀው ልሥራው።»

ዛሬ ሳስበው ከዚህ የቀና መልስ የለም። ያን ጊዜ ግን እናቴን ከቤት ልታስወጣ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የት እንደምመታትም አውቅ ነበር። በእኛ ሠፈር አዲስ ሚስት በመጀመሪያው ፋሲካዋ የምትታየው በማድ ቤቷ ነው። የዘመድ ሴቶች ጾማቸውን ፈትተው ሳይጨርሱ ብቅ ይላሉ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ያን ቀን ያሉት ዓመቱን ሙሉ ሲባል ይኖራል። እንግዲህ አርብ ዕለት እሷ ገበያ ስትወርድ፣ ከጓሮ አቡክታ የተወችው የምርጊት ጭቃ ዘንድ ሄድኩ። ከምንጩ ሥር እርጥብ ዋልካ እየቆፈርኩ በእንቅብ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዋልካ ጥቁር አፈር ነው፤ እርጥብ ሲሆን እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። በበጋ ማሳው ላይ የሰው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እያየን ስላደግን ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። በእግሬ ረግጬ ከጭቃው ጋር አዋሐድኩት። እበቱና ጭዱ ቀድሞውኑ ስላጠቆረው ምንም አያስታውቅም ነበር።

ከገበያ ስትመለስ ጨው እያቀበለችኝ እጄን አየችው።

«ጥፍርሽን ምን ነካው?»

«ሽንኩርት ስኮተኩት ነበር» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። የጓሯችን አፈር አመድማ ነው፤ እንዲህ ጥፍር አያጠቁርም።

«ታጠቢ፣ አባትሽ ሊመጣ ነው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

መረገች። ሲጠነፍፍ በቀይ አፈሯ ለቀለቀችው። እውነቱን ልናገርና፣ አማረ። ከውጭ ስትገቡ ማድ ቤቱ ራሱ የሞቀ ይመስላል፤ ምጣድ ባይጣድ እንኳ እሳት ያለ ይመስላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማድ ቤት ገብቶ የማያውቀው አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አየና «አማረ» አለ። እሷ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ልናገር ነበር። አልተናገርኩም።

ከሆሣዕና ጀምሮ ፀጉር ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ወጡ። እሷ በእርጥብ ጨርቅ ታብሳቸዋለች፣ በማግስቱ ሰፍተው ይገኛሉ። ቅዳም ሹር ከሰዓት በኋላ የዶሮ ወጡን ጥዳ ሽንኩርት ስታማስል ከምድጃው በላይ ያለው ምርጊት እንደ ቂጣ ተላቆ ወረደ። ቀጥሎ ጎኑ፣ ቀጥሎ ማዶው። አቧራው ሲበን ድስቱን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ መጀመሪያ ያደረገችው እሱን ነው። ከዚያ አንዱን ቁራሽ አንስታ ጉልበቷ ላይ ሰበረችው። ውስጡ ጥቁር ነበር። ሰባራውን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ጥፍሬን አየች። ጥፍሬ ከታጠበ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ እሷ ግን ያየችው ጥፍሬን ነው።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«መጥረጊያውን አምጪና ጥረጊ» አለችኝ። «አቧራው ወደ ቤት እንዳይገባ በሩን ከውስጥ ዝጊው።»

የማድ ቤቱ በር ቀኑን ሙሉ ወደ ውስጥ ተከፍቶ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚውለው፤ ከኋላው ያለውን ማንም አያየውም። ዘጋሁት። ከበሩ ኋላ አንድ ክንድ የሚሆን ግድግዳ ሳይመረግ ተትቷል። ጭስ ያጠየመው ነጭ፣ የእናቴ የጣት ቅስት ያለበት። የእሷ ቀይ ዙሪያውን መጥቶ እዚያ ሲደርስ በጥንቃቄ ቆሟል። ረስታው እንዳይመስለኝ ዳሩ በጣት ተስተካክሏል። መጥረጊያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። አልቅሼም እንደሆነ አላስታውስም። ማፈሬን ግን አስታውሳለሁ፤ ፊቴ እስኪያቃጥለኝ ነው ያፈርኩት።

በማግስቱ ሴቶቹ መጡ። አክስቴ የተራቆተውን ግድግዳ ዳበሰችና «የቆላ ጭቃ ደጋ ላይ አይቆምም አላልኳችሁም?» አለች። እኔ እንስራ ታቅፌ በሩ ሥር ቆሜያለሁ።

«እውነትሽን ነው፣ አፈሬ አልሆነም» አለች እሷ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

የቆላዋ ሴት ጭቃ አታውቅም የሚለው ወሬ ብዙ ዓመት አብሯት ኖረ፤ ያኖርኩባት እኔ ነኝ።

ዳግማ ትንሣኤ አልፎ ሰኞ ጠዋት ዶማ ይዛ መጣች። «የእናትሽን ጉድጓድ አሳዪኝ።» ወንዙን ተሻግረን ሄድን። የላይኛው ጠጠር ስለሚበዛው ከሥር እንደሚቆፈር አሳየኋት፣ ሁለት ጊዜ እንደሚነፋ ነገርኳት። ማቅጠኑ ላይ ውሃ አበዛች።

«እታለም፣ ቀጠነ» አልኳት።

በእኛ አገር ታላቅ እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። ከአፌ አመለጠኝ። እሷ ምንም እንዳልተባለ «እንግዲያው አፈሩን ጨምሪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አልነበራትም።

በየዓመቱ ነጭ ለቀለቀች። ነጩን ከማንም የተሻለ አወቀችበት፤ አክስቴ እንኳ ወደ ኋላ ላይ አፈር ነፍታ እንድታቀጥንላት ትጠራት ጀመር። በጆንያው የተረፈው ቀይ አፈር ክረምት ዝናብ መትቶት ጓሮ ተደፋ። እኔ ትምህርት ብዬ ወጣሁ፣ ሥራ ብዬ እዚሁ ንፋስ መውጫ ቀረሁ። አባቴም ሞተ። ታናሽ ወንድሜ፣ የእሷ ልጅ፣ ቤቱን በቆርቆሮ ሲሠራው አሮጌው ማድ ቤት ፈረሰ፣ ከበሩ ኋላ ያለችው ነጭም አብራ ሄደች። ይህን እታለም በስልክ የነገረችኝ ላም እንደወለደች በምትነግርበት ድምፅ ነው። የቀረውን ወሬ አልሰማሁትም።

እናም ማክሰኞ ዕለት ከሲሚንቶ ከረጢቱ ሳልነሳ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ማድ ቤት ላስቀባ ነው። ምን ይሁን?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ነጭ ነዋ፣ የእናትሽን።»

በዚህ ሁሉ ዓመት አንቺስ የቱን ትወጃለሽ ብዬ እንዳልጠየቅኳት ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። እሷ እኔን የጠየቀችኝ ገና በመጣች በሁለተኛ ወሯ ነበር።

«ቀይ ነው የማስቀባው» አልኳት። «የስማዳውን።»

በስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲያስካካ ይሰማኛል።

«እታለም፣ ያን ጊዜ ጭቃው ውስጥ እኮ እኔ…»

«እሱን ተዪው» አለችኝ። «ስሚ፣ ቀይ ሲደርቅ ይነጣል። ጠቆር ያለውን ምረጪ።»

እሺ አልኳት። የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳ ስል ድምፅዋ መጣ።

«ከበሩ ኋላ ግን ነጭ ተዪላት።»

ቀቢው ከሳሎን ብቅ ብሎ እስኪያየኝ አለቀስኩ፤ የቀለሙ ሽታ መስሎት መስኮቱን ከፈተልኝ።

ዛሬ ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ በሩን ገፋ አድርጎ ያቺን አንድ ክንድ ነጭ ድጋሚ አያት። በእጄ የቀባኋት እኔው ራሴ ነኝ፤ ብሩሽ አልነካትም።

«ይቺ ባትቀር ጥሩ ነበር። የሚያይ ሰው ሳልጨርሰው የሄድኩ ይመስለዋል» አለኝ።

«በሩ ክፍት ሲሆን አትታይም» አልኩት።

እታለም ለፋሲካ ትመጣለች። ያን ቀን በሩን እዘጋዋለሁ።