የተቀላቀለው ዶሮ ወጥ

ባለፈው ወር እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ሬድስቶን ሰፈር፣ የወንድሜ ልጅ ምርቃት ላይ፣ አንዱ የምግቡን ትሪ ክዳን አነሳ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ከትሪው ስር የሚነደው የጣሳ እሳት ሽታም አብሮት መጣ፤ አልኮል አልኮል የሚል፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። ሳህኔን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ “ሶሪ፣ ልለፍሽ?” አለችኝና አልፋኝ ሄደች። እኔ ግን በሐሳብ ወደ ኋላ ተመልሼ አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ ነበርኩ።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን። የማኅበረሰባችን ኮሚቴ ለአዲስ ዓመት ዝግጅት አዳራሽና ምግብ የሚያስተባብር ሰው ሲፈልግ እጄን አወጣሁ። በአራት ዓመቴ ካልጋሪ የገባሁ ልጅ ነኝ፤ እንግሊዝኛው አያስቸግረኝም፣ አማርኛዬም አያሳፍርም ነበር። “ጨዋ ልጅ” መባልን ደግሞ ከምንም በላይ እወድ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄን ያወጣሁት ለአንድ ሰው ብዬ ነው። ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር ስንኖር ጎረቤታችን አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። እናቴ የማታ ሺፍት ስትገባ የማመሸው እሳቸው ቤት ነው፤ ጸጉሬን የተሠራሁት፣ የቤት ሥራዬን የሠራሁት እሳቸው እግር ስር ነው። ሙስሊም ናቸውና የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፤ እኛም የሙስሊም ሥጋ አንበላም። አገር ቤት ድግስ ሲደገስ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል። ካልጋሪ ላይ ይህን የሚያስብ ጠፍቶ፣ እሳቸው በየዓመቱ ዳቦና ለስላሳ ይዘው ጥግ ይቀመጡ ነበር። ዘንድሮ የእርስዎ ዶሮ ወጥ ለብቻው ይኖራል አልኳቸው። “ኢንሻአላህ፤ እንግዲያው ሆዴን አስርቤ ነው የምመጣው” ብለው ሳቁ።

ምግቡን የያዙት ጋሼ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ዋና አብሳይ የነበሩ ሰው ናቸው። እዚህ በሥራ ቀን ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ሳንድዊች ይጠቀልላሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ፈቃድ ያለው ኪችን ተከራይተው ለድግስ ያበስላሉ። የማገኛቸው በብሬካቸው ሰዓት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። የአንዱን ወጥ ዶሮ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝተው፣ በተለየ ድስት ሊሠሩልኝ ተስማሙ። ከሁለቱ ዶሮ ወጥ በቀር ሌላው ሁሉ የጾም ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቀው አስጠነቀቁኝ።

“ትሪዎቹን ከእጄ አላወጣም። አዳራሹ ኪችን ገብቼ ራሴ ነኝ የማቀርበው። ወጥ ሲያዩት አይለይም፣ ገባሽ?”

እሺ ጋሼ አልኩ።

የአዳራሹ ማናጀር ፈረንጅ ናት። ክፉ አልነበረችም፤ ግን ያለ ፎርም አትተነፍስም። የመጀመሪያው ፎርም የእንግዳ ቁጥር ይጠይቃል። ሰማንያ ቤት ደወልኩ። አንዱ እግዜር ካለ ይላል፣ አንዷ ሺፍት ካልገባሁ ትላለች፣ ፎርሙ ያለው “አዎ” እና “አይ” ብቻ ነው። አንድ አባወራማ “ከድግሱ ልትቀንሺኝ ነው?” ብለው ተቀየሙኝ። ሰልችቶኝ መቶ ሃምሳ ብዬ ሞላሁ። ሁለተኛው ፎርም የቤቱ ሕግ ነው። በኢንሹራንስ ምክንያት ከእነሱ ሠራተኛ በቀር ኪችን የሚገባ የለም፤ የምግብ ማሞቂያውም ስድስት ነው። የእኛ ትሪ ሰባት ነበር። ኖ ፕሮብለም አልኳትና ፈረምኩ።

ታያለሽ? ለሁለቱም እሺ አልኩ። እሳቸውን ማስቀየም ፈራሁ፣ እሷን ማስቸገር ፈራሁ። ቀኑ ሲደርስ ፊት ለፊት ተያይተው ይግባባሉ አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየስልኩ ስባዝን ያቺን አንዲት እውነት ለአንዳቸውም አልተናገርኳትም።

ቀኑ ደረሰ። ጋሼ ትሪዎቹን ጭነው ሲመጡ የኪችኑ በር ላይ አንድ ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው። ማናጀሯ የፈረምኩትን ወረቀት አወጣች። ጋሼ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

“እሺ ጋሼ አላልሽኝም?”

አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ትሪዎቹን አስረክበው መኪናቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እኔ ትንሹ ትሪ የሙስሊም ነው፣ ለብቻው ይሁን እያልኩ ከደጅ ለፈፍኩ። ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀ፤ በሩ ተዘጋ።

ሰዉ እንደ ልማዱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጣ። ምግቡ ሲወጣ ቆጠርኩ፤ ስድስት። ትንሹ ትሪ የለም። ትልቁ የዶሮ ወጥ እስከ አፉ ሞልቷል። ሠራተኛው ቦታ ያገኘልኝ መስሎት በደስታ ነገረኝ፤ ማሞቂያ ስለጎደለና ሁለቱም አንድ ዓይነት ምግብ ስለሆኑ አንዱን አንዱ ላይ ገለበጠው።

ቀዩ ዘይት ላዩ ላይ ያብረቀርቃል። ጋሼ ውጭ ናቸው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብል ሁሉም ይበላል፣ እኔም ጨዋ ልጅ ተብዬ እመረቃለሁ።

ኮሚቴው የወሎዋን እናት ዘንድሮ ቅድሚያ ለእርስዎ ብሎ ከሰልፉ ፊት አቁሟቸዋል። ሳህናቸውን ዘረጉ።

“የኔ የቱ ነው?”

ጭልፋውን ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። “እትዬ፣ ተቀላቅሏል” አልኩ። “ጥፋቱ የኔ ነው።”

ከኋላቸው የቆሙ ታክሲ ነጂ “እንግዲያማ ለእኛም አይሆንም” አሉ፤ ወሬው እስከ ሰልፉ ጫፍ ሄደ። እትዬ ዞር ብለው “ምን ታኮርፋላችሁ? እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ዳቦ ስገምጥ፣ እናንተ ዳቦውን አንድ ቀን ብትቀምሱት ምን አለ” አሏቸው። ጥቂቱ ሳቀ፤ ብዙው አልሳቀም። ለእትዬ ምስር ጨለፍኩላቸው፤ ምስሩም ጎመኑም በሃያ ደቂቃ አለቀ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በማይክ ይቅርታ ሲጠይቁ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠሩት። ጋሼ ወጡን እንዳለ መልሰው ጭነው ሄዱ።

ወንበር ስሰበስብ የወሎዋ እናት ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

“ዝም ብትዪኝ እኮ እበላው ነበር” አሉ።

“አውቃለሁ” ብዬ ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ።

“አብሽሪ” ብለው ጉንጬን በመዳፋቸው ጠረጉት።

በዓመቱ ኤድመንተን ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ። ለዒድ ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። እሳቸው ግን ከሰው ተለይተው፣ መስኮቱ ስር፣ አንዲት የተከደነች ድስት አጠገብ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። የክርስቲያን ጎረቤታቸውን ለምነው ለእኔ ያሠሩት ዶሮ ነበር። ማንም እንዳይነካው፣ ሌላ ጭልፋም እንዳይገባበት፣ ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልተነሱም አለችኝ ልጃቸው።

ቁጭ ብዬ በላሁ። ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ አልሰጣቸውም፤ እኔ አቅርቤላቸው የበሉት ያቺን የአዲስ ዓመት ምሽት የጨለፍኩላቸው ምስር ብቻ ሆኖ ቀረ።