ለሽምግልና የጠገንኩት ክላክስ

የመኪናዬ ክላክስ የሞተው በጥር፣ ያውም ሽማግሌዎቼን ጭኜ ከቢቸና ሞጣ ልሄድ በምሰናዳበት ሰሞን ነው። የምወዳት ልጅ እዚሁ ቢቸና ነርስ ናት፤ አባቷ ግን ሞጣ ናቸው፣ ልጅ የምትጠየቀውም ከአባቷ ደጅ ነው። ሽማግሌዎቼ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሄደው ነበር። አባትየው አክብረው አስቀምጠው ቃላቸውን ከሰሙ በኋላ፣ «እስቲ እኛም እንመካከር፤ ቤተ ዘመድ ይስማ» ብለው መለሷቸው። ይህ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ሲሸኟቸው ግን አጎቴን በር ላይ ያዝ አድርገው፣ «ልጁ መኪና እንዳለው ሰምቻለሁ። ታይታ የሚወድ ሰው ለኔ ቤት አይሆንም» አሏቸው። ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ፤ ሽማግሌዎቼ ግን አውቶቡሱ አድክሟቸው ነበርና በመኪናህ ውሰደን አሉኝ። ሁለተኛው ጉዞ ቁርጡ የሚታወቅበት ነው፤ እንቢ ካሉ ሦስተኛ ደጅ መጥናት እንደሌለ አጎቴ አስቀድመው ነግረውኛል።

«ሰኞ አምጣው» አለኝ መካኒኩ። ጉዞው እሁድ ነው። ያለ ክላክስ ደግሞ በዚያ መንገድ ሽማግሌ ይዞ መሄድ አይታሰብም፤ አህያው፣ በጉ፣ ከቅዳሴ የሚመለሰው ሕዝብ፣ ሁሉም አስፋልቱን የአባቱ ርስት አድርጎ ነው የሚሄድበት። እና እኔ ምኑ ቂል፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው መሪውን በአንድ መፍቻ ፈትቶ፣ ከሥሩ አንዲት ሽቦ አጽድቶ፣ መልሶ ገጠመው፤ የያዘው ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ። ታዲያ ይህ ምን ያቅታል አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ያለ እጄ እጄን አስገባሁ።

የባትሪውን ገመድ ፈትቼ ጀመርኩ፤ መሪው ግን አልነቀል ብሎኝ ቅዳሜን ሙሉ ስታገለው ዋልኩ። የቤት አከራዬ በረንዳቸው ላይ ሽንኩርት እየላጡ፣ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ለባለሙያ ብትሰጠው ምን አለበት?» ይሉኛል። «ሊወጣ ነው እትዬ፣ ሊወጣ ነው» እላለሁ። በመጨረሻ ባለ በሌለ ጉልበቴ ብስበው ደረቴን ደልቆ ወጣ። ሽቦዋን አጽድቼ ስመልሰው ደግሞ ጠሞ ገባ፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ መሪው ወደ ቀኝ ተንጋዶ ቀረ። ይሁን፣ ማን ያየዋል አልኩ። መሪውን የሚይዘውን ትልቁን ዳዶ የሚያጠብቅ መፍቻ ስላልነበረኝ በፒንሳ ጨምቄ ጨምቄ፣ «በቃ፣ ይበቃዋል» ብዬ ሸፈንኩት። ከዚያ የባትሪውን ገመድ መልሼ ክላክሱን ብጫነው ጮኸ! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ከነግራሶዬ በግቢው ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ። ግቢው ጠባብ፣ በሩም ፊት ለፊት ስለሆነ ግራና ቀኝ አዙሬ አልሞከርኩትም። የመፍቻ ሳጥኑን ደግሞ የሽማግሌዎቹን ነጭ ልብስ እንዳያቆሽሽ ብዬ አውርጄ ቤት ተውኩት።

ማታ ልጅቷ ከሞጣ ደወለች፤ ቀደም ብላ ወደ ቤተሰቧ ሄዳ ነበር። «ነገ ቀስ ብላችሁ ኑ እሺ? አባቴ ግርግር አይወድም» አለችኝ። «እኔን አታውቂኝም?» አልኳት። «ስለማውቅህ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መንገዱ ሰላም መሆኑን ደዋውለን አጣራንና ተነሳን። ከጎኔ የንስሐ አባቴ፣ ከኋላ አጎቴና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፤ ሦስቱም ጸዐዳ ለብሰዋል። አጎቴ ገና በሩን ሳይዘጉት፣ «ስማ» አሉኝ፤ «ልጅ ጠያቂ ራሱ ደጅ አይሄድም። አንተን ያስከተልንህ የሚነዳ ሰው ስላጣን ነው። ከመኪናው አትወርድም፣ አፍህን አትከፍትም፤ ማነው ካሉን ሹፌር ነህ።»

«እሺ ጋሼ።»

ዋናው መንገድ ላይ ልወጣ መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ክላክሱ ራሱን ችሎ ጮኸ። መሪውን ስመልሰው ዝም አለ።

«ምነው ልጄ?» አሉ የንስሐ አባቴ ደንግጠው።

«ላም ነች አባ።»

ከከተማ ስንወጣ መንገዱ እንደገና ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እንደገና ጮኸ።

«ይቺስ?» አሉ አጎቴ ከኋላ።

«አህያ ነች ጋሼ።»

«አህያዋ የታለች? እኔ ዓይን የለኝም?»

ወደ ግራ በዞርኩ ቁጥር እንደሚጮህ፣ ራሴ ስጠግነው እንዳበላሸሁት ነገርኳቸው፤ ተመልሰን በአውቶቡስ እንሂድ ወይ ብዬም ጠየቅሁ። «ለሽምግልና ወጥቶ ከመንገድ መመለስ? በል ንዳ!» አሉ አጎቴ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ አያያዝህን አየነው።»

ችግሩ ወሩ ጥር መሆኑ ነው። በጥር እየጮኸ የሚያልፍ መኪና ሙሽራ የያዘ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ከመንገድ ዳር ያሉ ሴቶች እልል ይሉልናል፤ አንድ ሽማግሌ ቆመው በመቋሚያቸው መረቁን። ደብረ ወርቅ ላይ ከእውነተኛ ሰርገኞች ጋር ተላለፍን፤ እነሱም ብጤያቸው መስለናቸው ክላክሳቸውን አንጫጩብን፣ በመስኮት ወጥተው አጨበጨቡልን። አጎቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። መምህሩ ሸለብ ባደረጋቸው ቁጥር ኩርባ ይመጣና ባንነው «ደረስን?» ይላሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥርሴ አልታየም። ታይታ አልወድም ያሉት ሰው ገና ልጃቸውን ሳይሰጡን በራቸው ላይ የሰርግ ክላክስ ብናሰማ ምን ይሉናል? ይህን ሳስብ እግሬ ከነዳጁ ላይ ይነሳል፣ መኪናው ይለግማል፣ አጎቴ «ንዳ እንጂ!» ይላሉ።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ መሪው እጄ ላይ ላላ ያለ መሰለኝ። እውነት ይሁን ፍርሃቴ እንጃ። ያ ዳዶ! በፒንሳ ያጠበቅሁት ዳዶ! ቁልቁለት ላይ መሪው ተነቅሎ እጄ ላይ ቢቀርስ? የያዝኩት እኮ ሦስት አባወራ ነው። «እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ» እያልኩ መሪውን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ እንደያዝኩ ነዳሁ፤ ክንዴ እስኪዝል። ልንገራቸው ብዬ አፌን እከፍትና አጎቴን በስፖኪዮ አያቸዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። በክላክሱ አንዴ አፍሬያለሁ፣ ሁለተኛ ማፈር አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ከሞት ይልቅ ሰው ሲታዘበኝ የምፈራ።

ሞጣ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን «ሞተሩን ልየው» ብዬ ቆምኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ከክላክሱ የምትወጣውን ሽቦ በእጄ በጠስኳት። ገብቼ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ ጸጥ! «ተመስገን!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ። የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ በፕላስተር መጠቅለል እንዳለበት አልጠፋኝም። ፕላስተሩ ግን ከመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ ቢቸና ቀርቷል።

የሰውየው ቤት ያለበት መንደር ውስጥ ውስጡን ድንጋያማ ነው። እንቁላል እንደጫነ ሰው በቀስታ ገባሁ። ልክ በራቸው ፊት ለፊት ጎማው አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ዱብ ሲል፣ ያቺ ሽቦ ብረት ነካች መሰለኝ፣ ክላክሱ ለቀቀው። አሁን ማቋረጥ የሚባል የለም፤ ቀጥ ያለ አንድ ጩኸት ነው። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ይጮሃል። ቁልፉን ነቀልኩ፣ ይጮሃል። መሪውን በቡጢ መታሁት፣ ይጮሃል! ጎረቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። ነጭ መኪና፣ ጸዐዳ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ወሩ ጥር፤ ምን ይበሉ? አንዷ «እልልልል!» ስትል ሰፈሩ ተቀበላት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

የአጎቴን ትእዛዝ ረስቼ ዘልዬ ወረድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ሽቦዋን ብፈልግ ዓይኔ ተጭበረበረ፤ የባትሪውን ገመድ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ያለ መፍቻ ተነቅሎ መጣ። ጩኸቱ ቆመ፣ እልልታውም አብሮ ቀስ በቀስ ሞተ። ቀና ስል አባትየው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ገና ቃሌን ሳልሰጥ በሬ ላይ ሰርግ? ሰፈሩ እልል ካለ በኋላ እንቢ እንዳልል ነው? እንቢ ብል የማን ስም ሊነሳ ነው? የልጄ አይደለም?»

ይህ ለኔ ጨርሶ አልታየኝም ነበር። ቅር ይላቸዋል ብዬ እንጂ ያስገደድኳቸው ይመስላቸዋል ብዬ አላሰብኩም።

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ አጎቴ። «የመኪናው ነገር ነው፤ የሹፌሩ ጥፋት ነው።»

አባትየው ወደ ንስሐ አባቴ ዞሩ። «አባ፣ ይህ ሹፌር ነው?»

«ነድቶ ያመጣንስ እሱ ነው» አሉ የንስሐ አባቴ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። «እኔ ነኝ አባባ» አልኩ። «ልጅዎን ያስጠየቅሁት እኔ ነኝ። ተንኮል አይደለም፤ ክላክሱን ራሴ ጠግኜው ነው።» አጎቴ ግንባራቸውን ያዙ።

«አሳየኝ» አሉ አባትየው።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቃጠላል። ተንኮለኛ አለመሆኔን ለማስረዳት ጅልነቴን በሰፈር ሁሉ ፊት ማስጎብኘት ነበረብኝ። የበጠስኳትን ሽቦ አሳየሁ። የጠመመውን መሪ አሳየሁ። ወደ ግራ ሲዞር እንዴት ይጮህ እንደነበር በአፌ ጭምር አሰማኋቸው፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። በበሩ ስንጥቅ የልጅቷን ዓይን አየሁ፤ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም። አባትየው ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። የባትሪውን ገመድ አንስተው፣ «ይህን በምን ፈታኸው?» አሉኝ።

«በእጄ። ትናንት ስመልሰው አላጠበቅሁትም ነበር መሰለኝ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ ለራሳቸው። ሹፌር ወንበር ላይ ገብተው ተቀመጡ፣ መሪውን ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች ነቅነቅ አደረጉት። ቀጭ ቀጭ አለ። ቀና ብለው አዩኝ። «ይህስ ጠብቋል?»

ሽማግሌዎቼ ሦስቱም ያዩኛል። አዎ ማለት ቀላል ነበር። «አላውቅም» አልኩ። «በፒንሳ ነው ያጠበቅሁት። ከደብረ ወርቅ ጀምሮ ስፈራው ነው የመጣሁት።»

«በስመ አብ!» አሉ አጎቴ። መምህሩ ግንቡን ተደግፈው ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። የንስሐ አባቴ ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም፤ ከቁጣ ይልቅ እንደማዘን ያለ ነበር።

አባትየው መሪውን ለቀቁት። «ልጄ አሁን ቢቸና እንመለስ ብትልህ፣ በዚህ ታሳፍራታለህ?»

አበቃልኝ አልኩ በልቤ። «አላሳፍራትም» አልኳቸው። «እነሱንም ማሳፈር አልነበረብኝም። ልናገር ብዬ አፈርኩ።» እንባዬን ለመደበቅ ኮፈኑን ዘጋሁ።

ወርደው እጃቸውን ዘረጉልኝ። የሚጨብጡኝ መስሎኝ እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።

«ቁልፉን» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ከተቱት፣ የመኪናውን በር ገፋ አድርገው ዘጉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ግቡ» አሏቸው። «ታይታ የሚወድ ሰው ጥፋቱን እንዲህ አይናገርም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ቁልፉን ግን አልሰጥም።»