ሰባቱ ቀያይ መስመሮች

ጥልፍ ሠሪዋን የስፌት ቤቱ ሰዎች «ካሜራ» ይሏታል። አንድ ጊዜ ያየችውን ጥልፍ መርፌዋ አይስተውም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ «አልመሰለም» ተብሎ የተመለሰባት ልብስ የለም፤ የምትኮራውም በዚህ ነው።

ሙሽራዋ ይዛላት የመጣችው የአንዲት አሮጊት ፎቶ ነበር። አሮጊቷ የወንዝ ማዶ ሰዎችን ቀሚስ ለብሳለች፤ ደረቱ ላይ አምስት ቀያይ መስመሮች ተጠልፈውበታል።

«ባህላቸው ሲያምር! ለሠርጌ ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ» አለች ሙሽራዋ።

ካሜራ ሦስት ሳምንት አጎንብሳ ጠለፈች። ሙሽራዋ ቁመታም ናትና አምስቱ መስመር ቢያንስባት ከራሷ ሁለት ጨመረችበት። ቀሚሱ ነፍስ ዘራ።

ልብሱ በሚወሰድበት ቀን ጠዋት እንድትተኩሰው ለአዲሷ ልብስ ተኳሽ ሰጠቻት። ልጅቷ የወንዝ ማዶ ሰው ናት። ቀሚሱን ዘረጋችው፤ መስመሮቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ ካውያውን ከሶኬት ነቀለችው።

«ምነው፣ መብራት ሄደ?»

«እትዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የሙሽራ ነዋ! ምን ያስፈጥጥሻል፣ አማረሽ እንዴ?»

«እኛ ጋ ይሄን የምትለብሰው ልጅ የቀበረች እናት ናት። ለአንድ ልጅ አንድ መስመር። ሰባት ቀብራለች ብለው እኮ ነው የጻፉባት።»

ካሜራ ክው አለች። አምስቱስ የአሮጊቷ ነበሩ፤ ሁለቱን ግን ለማሳመር ብላ የጨመረችው እሷ ናት። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ጥልፍ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ሙሽራዋ እየሳቀች ገባች። ሲነገራት ፊቷ ትንሽ ጠቆረ፤ ቶሎ ብላ ግን ትከሻዋን ሰበቀች።

«ታዲያ እዚህ ማን ያውቃል? እኔ ስለወደድኩት ነው፤ መውደድ ደግሞ ስድብ አይደለም።»

«እናቴ ሦስት አላት» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «አንዱ መንታ ወንድሜ ነው።»

ካሜራ ምላጭ አንስታ የመጀመሪያውን መስመር መተርተር ጀመረች።

«እትዬ! ሠርጌ እኮ ቅዳሜ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ቀዩ ክር እየተመዘዘ ወለሉ ላይ ተከመረ። ሰባተኛው ሲያልቅ ካሜራ ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። መርፌዋ የወጋው ቦታ ሁሉ በነጩ ጨርቅ ላይ ተበሳስቶ፣ ሰባቱም ተራ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሙሽራዋ ለመቀበል የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«ሌላ ጨርቅ... ይኖርዎታል?» አለች።