ያልታጠበው ግድግዳ

ዛሬ በምኖርበት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጎረቤቴ ቤቱን ሲያስመርግ፣ በጭድ የተቦካው ጭቃ ሽታ ከመንገዴ አቆመኝ።

በጃንሆይ ዘመን ያደግኩባትን መንደር የቆረቆራት ወርቅ ነው። ወንዙ ወርቅ አለው ሲባል ሰው ከአርጆም ከጎጃምም ጎረፈ፤ ከወንዙ ዳር አፈር እያወጣም ጎጆውን መረገ። ወርቁ ሲነጥፍ አንዱ ጎረቤት፣ «ግድግዳችንም እኮ የዚያው ወንዝ አፈር ነው!» አለ። በማግስቱ መንደሩ ቤቱን እያፈረሰ ጭቃውን በገበቴ ያጥብ ጀመር።

አባቴም ዶማውን ይዞ መጣ። አዳዳ የምንላት ታላቅ እህቱ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች።

«እህቴ፣ ዞር በዪ። ሌላ ቤት እሠራልሻለሁ።»

«ክረምት እኮ ገባ! ልጆቹን የት ልታስጠጋቸው ነው? ወርቅ ፍለጋ መጣን፤ ቤቱን የሠራነው ግን ልንኖርበት ነው። እኔን ሳትቀብር ይህን ግድግዳ አትነካም!»

አባቴ ዶማውን ጥግ አስደገፈ።

ማምሻውን ዝናቡ ወረደ። ቤታቸውን ያጠቡት ጎረቤቶች ባዶ ገበቴያቸውን በራሳቸው ላይ ደፍተው ደጃችን ላይ ተኮለኮሉ። አዳዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ኮታ! ኑ፣ ግቡ» አለች። «ግድግዳዬን በጥፍሩ የሚቧጭር ግን ውጭ ያድራል።»

በዚያ ግድግዳ ውስጥ ወርቅ ይኑር አይኑር ዛሬም አላውቅም። የጎረቤቴን ጭቃ በጣቴ ቆንጠር አድርጌ ወደ ፀሐይ አነሣሁት። የሆነ ነገር ብልጭ ያለ መሰለኝ። መልሼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ በመዳፌም ጠበቅ አድርጌ መረግኩት።