በሕግ አምላክ ያለኝ ሰው

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ከፊታቸው ተንበርክኬ ስድቤን፣ መጠጤን፣ ጾም መሻሬን አንድ በአንድ እያወጣሁ ይህችን ግን ምላሴ ሥር ደብቄ እመለሳለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ቀሎኝ ይመስላችኋል? አልቀለለኝም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ የተናገረችኝ ቃል እህል ውኃ ስለነሳኝ ነው። ወደ እሷ እመጣለሁ። መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ መኳንንት፣ የአዘዞው አናጢ፣ ተርቦ የመጣ እንግዳዬን አፉን በፍልጥ መትቼ መንጋጋውን ሰብሬዋለሁ። የመታሁትም እውነት ስለተናገረ ነው።

የሱዳን ጦርነት የተነሳ ሰሞን ነው። በመተማ በኩል የገባው ሕዝብ መጠለያው ሲጠበው የተወሰነው በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ እኛ ወጣና አዘዞ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ወረደ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ትራስ ብቻ የታቀፈ ሽማግሌ አይቻለሁ። ባዶ እግሯን የመጣች ሐኪም አይቻለሁ። የእርዳታ ድርጅቶቹ እየመጣን ነው ሲሉ የሰፈሩ ሰው ቀደማቸው። ጎረቤቴ አለሚቱ የቤቷን ዱቄት ሙልጭ አድርጋ አሸክማ መጣች። «ለልጆችሽስ?» ብላት «እኛማ አገራችን ላይ ነን» አለችኝ።

እድራችን የምግቡን ነገር ለእኔ ሰጠኝ። ለምን ቢሉ ዐረብኛ አውቃለሁ። በወጣትነቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወርጄ ሰሊጥ አጭጃለሁ። እዚያ የማድርለት ባለ እርሻ ለፋሲካ አንድ ዶሮ ከነሕይወቷ አምጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። «በእጅህ እረዳት፤ እኔ ያረድኩትን እንደማትበላ አውቃለሁ» ነበር ያለኝ። እንግዲህ አላወቅሁም ነበር የምትለዋ መሸሻ ለእኔ አትሆንም። ጎንደር ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሠርጉንም ልቅሶውንም አብሮ ይውላል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሕፃን የለም። እኔም ስለማውቅ ነው የአዲስ ዓለሙን ሙስሊም ሥጋ ሻጭ፣ ወዳጄን ኑሩን፣ የእድሩን በሬ ማለዳ መጥቶ እንዲያርድልን የለመንኩት።

ኑሩ ቀረ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚያመጣው መንገድ ተዘግቷል አሉ። ስልኩም አይሠራም። ድስቶቹ ውኃ ሞልተው ይንተከተካሉ፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ምሳውን ለማየት ከከተማው እንግዶች ካሜራ ይዘው ይመጣሉ ተብሏል። ሰልፍ ያስከብራሉ ተብለው ዱላ ይዘው ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ «አያ መኳንንት፣ በሬው በእርጅና ይሙት ወይ?» አለኝ። ግቢው በሙሉ ሳቀብኝ። ቀልድ ነበረች፤ ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ሽሮ ነበረ እኮ! ምስርም ነበረ። ሥጋው ለነገ ይቆይ ብል ማን ይሞት ነበር? እኔ ግን ለከተማው ሰዎች ስደተኞቹ ሥጋ ይበላሉ ብዬ ፎክሬያለሁ፤ ካሜራው ፊት በሽሮ መቆም ሞት ሆነብኝ። ከራሴ ኩራት በቀር የገፋኝ አልነበረም።

ጎረምሶቹን ጠርቼ በሬውን ከክፍሎቹ ጀርባ ወሰድነው። «ኑሩ ሳይመጣ ነው አያ?» አለኝ አንዱ። «ያዝ ብያለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ቀንዱን ጠምዝዘን ጣልነው፣ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዙሬ «በስመ አብ» ብዬ ካራውን አሳረፍኩ። በአንዴ ግን አልቆረጠልኝም። በሬው ጎረምሶቹን አራግፎ ተነሳ፤ አንገቱ ተከፍቶ እያጓራ ግድግዳውን በደም አለበሰው። እንደገና ጥለነው ጨረስኩት። ቀና ስል ከቧንቧው አጠገብ አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ቆሟል።

ኢድሪስ ይባላል። መተማን ተሻግሮ ባለችው የሱዳን ከተማ ሱቅ ነበረው፤ አማርኛውን የለመደው ከእኛ ሰዎች ጋር ሲገበያይ ነው። ሚስቱ በመንገድ ሞታበታለች፤ የቀረችው ሐሊማ የምትባል ትንሽ ልጁ ናት። ለሰው ሳይናገር ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ መኳንንት፣ አይቻለሁ። ችግር የለም። ለእኛ እንጀራና ሽሮ ይበቃል። አንተ ራስህ ንገራቸው፤ እኔ አልናገርም» አለኝ።

ይህን ልብ በሉልኝ። እጄ ገና ደም ነው፣ ሰውዬው ግን ስሜን እንዳያጎድፍ ይጨነቅልኛል። እንዲህ ያለ ሸጋ ሰው ከየት ይገኛል? «ያረደው ኑሩ ነው። ያየኸው ነገር የለም» አልኩት። ጥቂት አየኝና ጀሪካኑን አንሥቶ ሄደ።

ምሳው ቀረበ። እንግዶቹም ካሜራቸውን ይዘው መጡ። እኔ መሐል ቆሜ በዐረብኛ «ብሉ፣ ሐላል ነው፤ ያረደው ሙስሊም ነው» አልኩ። ሐሊማ እጇን ወደ ትሪው ስትሰድ ኢድሪስ ያዛት። ከዚያ ብድግ አለ። በዐረብኛ የተናገረውን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ወንድሞቼ፣ እነዚህ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ አትቀየሟቸው። ሥጋውን ያረደው ግን ክርስቲያን ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሥጋውን ትታችሁ ሌላውን ብሉ።» ያለው ይህንኑ ነው፤ አልጨመረም።

እጆች ከትሪው ተሰበሰቡ። አንዲት እናት ጣቷን ልጇ አፍ ውስጥ ከትታ የጎረሰውን አወጣች። አንዱ ትሪ ተገለበጠና ወጡ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሲያበስሉ ያደሩት ሴቶቻችን አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ጎረምሶቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ በግቢው ካሉት የአገሩ ሰዎች ዐረብኛ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። «አያ፣ ምን አለ?»

ምን አለ? እውነቱን ብናገር የሚቀርብኝ ክብሬ ብቻ ነበር፤ ለሁለት ቀን ያሙኝና ይተዉኝ ነበር። እኔ ግን አፌን ከፍቼ «ምግባቸው መርዝ ነው፣ ሊገድሉን ነው፣ አትብሉ አለ» አልኳቸው። ከየት አመጣሁት? ማን አቀበለኝ? ሰይጣን ነው ብዬ ላመካኝ? ሰይጣን ዐረብኛ አላስተረጎመም። እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት።

የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ክንዱን ሲያገኘው ጮኸ። ልጁን ከሥሩ አድርጎ ተደፋባት፤ እነሱም ጀርባውን እንደ አውድማ እህል ወቁት። ሸሚዙ ተቀደደ፣ ደሙ በአንገቱ ወርዶ የልጅቷን ፀጉር አራሰው። ስደተኞቹ ሲጮሁ፣ ሴቶቻችን ሲጮሁ፣ እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሲሮጡ አያለሁ። ቁሙ የምትል አንዲት ቃል ከእኔ ብትወጣ ይቆሙ ነበር፤ ታላቃቸው ነኝ፣ ይፈሩኛል። አልተናገርኩም።

ያን ጊዜ ኢድሪስ ቀና አለ። ዓይኔን እያየ፣ በእኔው ቋንቋ፣ «በሕግ አምላክ!» አለኝ።

ይህች ቃል ለእኛ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። የተመዘዘ ጎራዴ ታስመልሳለች። አባቴ ወንድሙን ሊገድል ተነሥቶ በዚህች ቃል እጁን እንዳጠፈ እየነገረ ነው ያሳደገኝ። በዚህች ቃል የተያዘ ሰው ካልቆመ ከሰው አይቆጠርም። ጎረምሶቹ ቆሙ! በቁጣ ያበዱት ልጆች፣ እኔ ዋሽቼ ያሳበድኳቸው፣ ዱላቸው አየር ላይ ቀረ። ኢድሪስም በአማርኛ «እኔ ያልኩት...» ብሎ ጀመረ።

ሊናገር ነው። በሚሰሙት ቋንቋ ሊናገር ነው። ከምድጃው አጠገብ ካለው ክምር አንድ ፍልጥ አነሣሁና አፉን መታሁት። አፉን ብዬ ነው የመታሁት፤ ስቼ አይደለም። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ፣ ጥርሱ እግሬ ሥር ወደቀ። ደገምኩት። ልጆቹም እኔን አይተው ዱላቸውን ዳግም አወረዱበት። ሕግን የሰበርኳት እኔ ነኝ፤ እነሱ የተከተሉት ታላቃቸውን ነው።

ያዳነው ኑሩ ነው። መንገዱ ተከፍቶለት ካራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ገባና ምንም ሳያውቅ «በሬው የታል?» አለ። ቀጥሎ መሬት ላይ ያለውን ሰው አየ። ሮጦ ላዩ ላይ ወደቀ፤ ለኢድሪስ የተሰነዘረው ጀርባው ላይ አረፈ። ሠርግና ልቅሷቸው ላይ ሲውል የኖረውን ሰው መምታት ከብዷቸው ተበተኑ። ኑሩ ድስቱን አየ፣ እጄን አየና ገባው። «ይህ ነገር ከወጣ ከተማው ይነዳል» አለኝ። ለማንም አልተናገረም። ሰላምታዬን ግን ከዚያ ወዲህ አይመልስም።

በበነጋው ፖሊስ የኢድሪስን ቃል ሊቀበል ሆስፒታል ሲሄድ አማርኛ እንደሚያውቅ ሳልናገር አስተርጓሚ የሆንኩት እኔ ነኝ። ሐሊማን እጇን ይዤ አብሬ ወሰድኳት። አባቷን ትይ ብዬ ነው? ለራሴ እንደዚያ ነበር ያልኩት። መንጋጋው በፋሻ ታስሯል፣ ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ፖሊሱ «ማን ነው የመታህ?» አለ፤ እኔም በዐረብኛ ደገምኩለት። ኢድሪስ እኔን አየኝ። ከዚያ የልጁን እጅ በእጄ ውስጥ አየ። የምትበላው ከእኔ ድስት፣ የምታድረው በእኔ ጥበቃ ነው። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«አላወቃቸውም» አልኩ።

ፈርቶኝ እንደሆነ ያን ጊዜም አውቄያለሁ። እንዲፈራኝ ብዬ እንደወሰድኳትም አውቃለሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁሉንም ጭነው ወደ ቆላው መጠለያ ወሰዷቸው። ኢድሪስ አፉ ወደ አንድ ጎን እንደተጣመመ ልጁን አቅፎ መኪናው ላይ ወጣ። ዛሬ የት እንዳለ፣ መብላት መናገር ይችል እንደሆነ አላውቅም። ላፈላልገውም አልሞከርኩም። ባገኘው ምን ልለው ነው?

እንደዚህም ሆኖ ተሸሽጌ በሞትኩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሌላ ሕዝብ መጣ። ከደጋው ተኩስ የሸሹ የገዛ አገራችን ገበሬዎች፣ ከሱዳን የመጡም ተቀላቅለውባቸው፣ እዚያው ትምህርት ቤት ዝናብ ላይ ወረዱ። እንደ ልማዴ ዱቄት ልለምን አለሚቱ በር ላይ ቆምኩ።

«ምነው አያ መኳንንት፣ ረሳኸው እንዴ? እጃችንን መርዝ ብለው የለ!» አለችኝ። «ከልጆቼ አፍ ነጥቄ ነበርኮ የሰጠሁ። አሁንስ መንግሥት ያብላቸው።» በሩን ዘጋችው። ቀጥሎ ያለው ቤትም ያንኑ አለኝ። መንደሩ በሙሉ ያንኑ ነው የሚለው። አንድም ሰው ምግብ ይዞ አልወጣም፤ የእርዳታ ድርጅቶቹም አሁንም እየመጣን ነው እያሉ ነው። እኔም ከተዘጋው በር ፊት ቆሜ እውነቱን መናገር አቅቶኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። እንግዲህ የሰበርኩት የአንድ ሰው መንጋጋ ብቻ መስሎኝ ስኖር፣ የዚህን ሁሉ ሕዝብ እጅ ሰብሬ ኖሯል።

አለሚቱ፣ ይህን ልጅሽ ታንብብልሽ። ማንም እጅሽን መርዝ አላለም። ሰውየው ያለው ደጎች ናቸው፣ አትቀየሟቸው ነው። መርዝ ያልኩት እኔ ነኝ። በሬውን ያረድኩት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፣ በሕግ አምላክ እያለኝ የመታሁት እኔ ነኝ። ፖሊስም ይምጣ፣ እድሩም ያባርረኝ፣ የሚገባኝ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ማለት የሚችለውን ሰው አፉን ሰብሬዋለሁ። አንቺ በርሽን ክፈቺላቸው።