ቀጭኗ መስመር

ትናንት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ስጠብቅ ከጎኔ የቆመች ልጅ አዲስ መጽሔት ገለጠች። የቀለሙ ሽታ መጣብኝ። ልንገርህ፣ ከዚያ ሽታ ጋር ያሳለፍኩት አንድ ሐሙስ አለ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ችኩልና ቱግ ባይ ነበርኩ። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። ጉለሌ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ በመቃ ብዕር ብራና ላይ ለቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይጽፋል። ብዕሩን ወደ ታች ሲስበው ወፍራም መስመር፣ ወደ ጎን ሲያስኬደው ደግሞ ፀጉር የምታክል ቀጭን መስመር ይወጣዋል። አንድ ቀን «ወገቤ እምቢ አለኝ» ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ።

ያ እጅ እንዲሁ ሊቀር ነው? አላስቻለኝም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ጀመርኩ። እሱ «ይሄ ነገር ዓይን ያማል» እያለ ስክሪኑን ብዙም አያይም። «ብዕሩን ከየት አስነሳሽው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እነግረዋለሁ፤ ያርመኛል።

የአንድ አዲስ መጽሔት አዘጋጅ ፊደሎቹን አይታ «ይሄማ ለሽፋን የተፈጠረ ነው» አለችኝ። በደስታ መሬት አልበቃኝም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኅትመቱ ቀጭኗን መስመር እንዳይውጣት። እሷ ከጠፋች የአባቴ እጅ የለበትም።

ሐሙስ ጠዋት መጽሔቱ ወጣ። ቀለሙ ገና ትኩስ ነበር። ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። መጽሔቱን አስጠጋው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው።

«ወፍራሙ ጥሩ ነው» አለ። «ቀጭኑ የታል?»

«እንዴት የታል?»

«በልተውታል፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። ደግሜ እንኳ አላየሁትም፤ በእኛ ቤት በጽሕፈት ነገር አባቴን መጠራጠር አይታሰብም። በቀጥታ ማተሚያ ቤት ሄጄ ያገኘሁት ሰው ላይ ጮህኩበት። ሽማግሌ ነው። መጽሔቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ ያዘልኝ።

«እስቲ አንቺው እዪው።»

አየሁት። ሁሉም አለ። አንዲትም ቀጭን መስመር አልጎደለችም፤ እንዴት ታምር ነበር መሰለህ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወገቡን አልነበረም ያመመው። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እስከ ጉለሌ አለቀስኩ።

አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ምን አሉሽ?»

«እውነትህን ነው፣ አባዬ። በልተውታል። ይቅርታ ጠይቀዋል።»

«ብዬሻለሁ እኮ» አለ፣ ደስ ብሎት። ከዚያ እጄን ሳብ አድርጎ፣ ቀጭኗ ከየት እንደምትነሳ መዳፌ ላይ በጣቱ ያሳየኝ ጀመር።